ዘገያችሁ ወይስ ቀደማችሁን?

እንግዳ ሲዘገይ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራው ይደርቃል፤ የቤቱ እመቤትም ደጅ ደጁን እያየች ትቆጣለች። እንግዳው በመጨረሻ ብቅ ሲል ግን ቁጣዋን ሁሉ ረስታ «ምነው እንዲህ ጠፋችሁ!» ብላ ትስማለች። ሙዚቃ የሚወድ ሰው የዚህች እመቤት ተቃራኒ ነው። ሲጠብቅ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ቁጣው የሚጀምረው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ በ2025 የወጣ አንድ አልበም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ አንባቢ ይያዝልኝ፤ አብዛኞቹ ባለታሪኮች ፈረንጆች ናቸውና። አልበሙ የሆላንዱ የፓንክ ባንድ የዘ ኤክስ ነው። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «መስታወትህ ቢሰበር» እንደ ማለት ይሆናል። ከዚህ በፊት የነበረው አልበማቸው «27 ፓስፖርቶች» በ2018 ነበር የወጣው። ከእሱ በፊት የነበረው ደግሞ በ2010። አንድ ጊዜ ስምንት ዓመት፣ አንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አስጠበቁን ማለት ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ልጅ ተወልዶ ፊደል ይቆጥራል።

ይህን ባንድ የምንከታተል አራት ሰዎች ነን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከመካከላችን በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቡና ይፈላል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ክርክር ይነሣል። አዲሱን አልበም አብረን ሰማንና አራት ቦታ ተለያየን። አንደኛው ኮቱን አንሥቶ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ወጣ። «አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በሆላንድ ፓንክ መጣላት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ስለዚህ ከጠቡ በፊት ዝምድናውን ላስረዳ።

ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ የፈነዳ የሙዚቃ ዓይነት ነው። ሦስት ኮርድ ያወቀ ባንድ ያቋቁም፣ ሙዚቃ የሊቃውንት ርስት አይደለም፣ የተናደደ ሰው ንዴቱን ይዞ መድረክ ይውጣ፤ ሃይማኖቱ ይኸው ነበር። ዘ ኤክስ የተመሠረተው በ1979 ነው። በዚያ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ቤት ያጡ ወጣቶች ባለቤቶቻቸው ዘግተው የተዉአቸውን ባዶ ቤቶች እየከፈቱ ይገቡና ይኖሩ ነበር፤ ፖሊስም ሊያስወጣቸው ይመጣል፤ እነሱም አንወጣም ይላሉ። የዘ ኤክስ ልጆች የዚያ ትግል ልጆች ናቸው። ስማቸውን የመረጡት ግድግዳ ላይ በቀለም ጽፎ ፖሊስ ሳይደርስ ለማምለጥ እንዲመች ነው ይባላል። ማን ጊታር፣ ማን ድራም፣ ማን ማይክሮፎን እንደሚይዝም ዕጣ ተጣጥለው ነው የወሰኑት ይባላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ባንድ ቢነሣ «መጀመሪያ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግቡ» ተብሎ ይመለስ ነበር።

በዕጣ የተጀመረ ነገር ዕድሜ አይኖረውም ብሎ መገመት ይቻላል። የእነሱ ግን ዕድሜ አገኘ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1980 ወጣ። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት የፎቶግራፍ መጽሐፍ ከሁለት ትንንሽ ሸክላዎች ጋር አሳተሙ። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ሠሩ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ፣ በ2024 ያረፈው ዝነኛው የቀረጻ ባለሙያ ስቲቭ አልቢኒ በርካታ አልበሞቻቸውን ቀረጸላቸው። ሥራቸውን በአብዛኛው ራሳቸው ያሳትማሉ፤ «ይህን ጨምሩ፣ ያንን ቀንሱ» የሚል ጌታ የላቸውም።

ወደ እኛ ያመጣቸው ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ነው። በ1990ዎቹ ኢትዮጵያን በጉዞ አይቶ ሙዚቃችን ልቡን ወሰደው። በ2002 ባንዱ በሙሉ መጥቶ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ተጫወተ፤ በ2004 ተመለሰ። በ2002 ካዩአቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ከፊሉ ተመልካች ጆሮውን ያዘ፤ ከፊሉ ሳቀ። ቴሪ ጊታሩን በድራም መምቻ እንጨት ሲደበድበው ደግሞ «ይሄ ሰው ዕቃው የእሱ አይደለም እንዴ?» ያለ አለ። ልጆቹ ግን ከፊት ለፊት ሆነው እስክስታቸውን ጀመሩ። ለዚያ ሁሉ ጩኸት እስክስታ ይስማማዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ ጋበዘ። እንግዳው ሳክስፎኒስቱ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ። በ1935 ይፋት ውስጥ ተወልደው በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመሩ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ፣ ሽለላንና ቀረርቶን ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ለቴነር ሳክስፎን የሰጡ ሰው ናቸው። ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ ያየ አይረሳቸውም። በዚያ በዓል ላይ ዘ ኤክስን ካዩና ከሰሙ በኋላ አዲስ አልበም አብረዋቸው እንዲሠሩ የጠየቁት ጋሽ ጌታቸው ራሳቸው ናቸው። «ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ። አብረው አውሮፓን ዞሩ፤ በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ድረስ ተጫወቱ። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ፤ የመጨረሻቸውም ሆነ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 በ81 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ዝምድናው ይህ ነው። አሁን ወደ ጠቡ እንግባ።

አንደኛው ወዳጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ለእሱ ዘ ኤክስ ማለት ጂ ደብልዩ ሶክ ማለት ነው። ሶክ ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ግጥሙን የሚጽፍ፣ ከመዝፈን ይልቅ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ የሚናገር ድምፃዊ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ2009 ባንዱን ተሰናበተ፤ በቦታው አርኖልድ ደ ቡር ጊታሩን ይዞ ገባ። አስተማሪው ይህን ለውጥ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። «ምሰሶው የወጣ ቤት ቤት ነው ወይ?» ይላል። የ2010ሩን አልበም አልወደደውም፤ የ2018ቱን አልወደደውም፤ የ2025ቱንም አልወደደውም። የሚገርመው፣ ሦስቱንም ከሁላችን በፊት አግኝቶ የሰማው እሱ ነው። የዘፈኖቹን ተራ በቃሉ ያውቀዋል። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚጠላ ሰው አላየሁም።

በሳቅ ብቻ ግን አላልፈውም፤ ቅሬታው እውነት አለበትና። ሶክ አፉን ሲከፍት ሰሚው አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ይቀመጣል። አርኖልድ መንገድ ለመንገድ ያየውን እያወራ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ጨዋታ አለው፣ ግን አያስፈራም። በዐዋጁ ዘመን ለጎለመሰ ጆሮ ይህ መቅለል ነው። አስተማሪው «ልጅ ሆኜ የተናደድኩት ንዴት ተሰርቆብኛል» ሲል ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

ሁለተኛው ወዳጄ በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፤ ሳክስፎኑ የቀበሌው ንብረት ነበርና ተመለሰ። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያረጀ ሳክስፎን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠው። ቡናውን ትቶ የወጣው እሱ ነው። «ሳክስፎን የሌለበት ዘ ኤክስ ለእኔ የሆላንድ ጉዳይ ነው» አለን ከመውጣቱ በፊት። ቀጥሎ የተናገረው ነው አልለቀኝ ያለው። «ጋሽ ጌታቸው አምስተርዳም ሲሄዱ ስንት ዓመታቸው ነበር? ስልሳ ዘጠኝ። እኔ ስልሳ ሁለት ነኝ። ሰባት ዓመት ቀርቶኛል። ምናልባት ለሚቀጥለው አልበማቸው እደርስ ይሆናል።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ፤ ይህ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው አልበም አልነበረም። አንድ ያረጀ ኢትዮጵያዊ ነፊ፣ አገሩ «በቃው፣ ጡረታው ይበጀዋል» ባለው ሰዓት፣ በዓለም መድረክ ላይ ሊቆም እንደሚችል አንድ ጊዜ አይቷል። ያ በር እንደ ተከፈተ መሆኑን ማየት ነበር የፈለገው። ሸክላው መጣ፤ ሦስት ጊታርና አንድ ድራም ሰማ፤ ሳክስፎን የለም። ለእሱ በሩ ተዘጋ።

ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አልበሙን በስልኳ ሰማችው። ከዚያው ስልክ የ1980ውንም ሰማችው፤ «ሞዓ አንበሳ»ንም ሰማችው፤ ሁሉንም በአንድ ምሽት። በክርክራችን መካከል «ጋሼ፣ ግን የዘገየው ምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖባታል። ለእሷ የባንዱ ዘመን ሁሉ እኩል ቀን የወጣ ነው፤ አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ዕለት ተወልደዋል። ከሁሉ የወደደችው ደግሞ የመጨረሻውን ነው። አስተማሪው ሊያስረዳት ሞከረ፤ የሶክን ታላቅነት፣ የዚያን ዘመን ትግል። በትሕትና ካዳመጠችው በኋላ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚነግሩኝ ስለ ራስዎ ነው እንጂ ስለ ዘፈኑ አይደለም» አለችው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት እዚህ ላይ አልሠራም።

እኔስ? እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቀዘቀዝኩ። ቤዝ የሌለው ባንድ መሬት የሌለው ቤት ይመስለኛል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቤዝ ተጫዋች ስለሌላቸው አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ሰባት ዓመት ሲያልፍ ረስቼው ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን የድራም መቺዋን የካተሪና ቦርንፈልድን እጅ መከተል ጀመርኩ። ከ1984 ጀምሮ በዚህ ባንድ ውስጥ ያለች ናት። እሷ ስትመታ ጊታሮቹ ከበላይ እንደ ገበያ ሰው ይነታረካሉ፤ ከበታች ግን አንድ ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ እየሄደ ነው። መሬቱ እዚያ ነበር። እስከ ማታ እየደጋገምኩ ሰማሁት።

አሁን የእህቴን ልጅ ጥያቄ ላንሣው። የዘገየው ምኑ ነው?

ዘ ኤክስ አንድ ልማድ አላቸው፤ ለአድናቂ ክፉ ልማድ ነው። የድሮ ዘፈን አይጫወቱም ለማለት ይቻላል። አዲስ ዘፈን ይፈጥራሉ፤ ሳይቀርጹት መድረክ ላይ ያወጡታል፤ ከከተማ ከተማ ይዘውት ይዞራሉ፤ እየተጫወቱት ይለወጣል፤ ሲበስል ይቀርጹታል። ከዚያ ቀስ በቀስ ትተውት ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ገንዘቡን ከፍሎ፣ በሃያ ዓመቱ የወደደውን ዘፈን ሊሰማ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አድናቂው «ባንዱ ዘገየ» ሲል፣ በባንዱ በኩል ቢታይ የዘገየው አድናቂው ነው፤ ዘፈኑ ሸክላ ላይ እስኪወጣ ድረስ እነሱ ብዙ ጊዜ ተጫውተውታል።

ደግሞም ሁለት አልበም መካከል ያለው ዘመን ዝምታ አልነበረም። ከ2010 እስከ 2018 ድረስ ተኙ በምንልበት ጊዜ የጋሽ ጌታቸውን የመጨረሻ አልበም በ2012 ሠሩ፤ በ2013 ከትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር ሌላ አልበም አወጡ፤ በ2015 የብዙ ዓመት የመድረክ ሥራቸውን ሰብስበው አሳተሙ። እኛ የምንቆጥረው የምንፈልገውን ብቻ ስለሆነ ነው ቀኑ የረዘመብን።

ሆኖም ይህ ሁሉ ማብራሪያ ሳክስፎኒስቱን ወዳጄን አያጽናናውም። ለእሱ የሚሆን መልስ ካለ፣ ያለው ጋሽ ጌታቸው ዘንድ ነው።

«ሞዓ አንበሳ» በወጣ ጊዜ እኮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ተመሳሳይ ጠብ ነበር። «የጌታቸውን ውብ ድምፅ በጊታር ጩኸት ቀበሩት» ያለ ብዙ ነው። በዚያን ሰሞን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አሰማኋቸው። የገጠር ሰው ናቸው፤ ሽለላን ያወቁት ከሸክላ ሳይሆን ከሠርግና ከለቅሶ ነው። ጩኸቱን ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙና ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው «ይኸ ነው! ድሮስ ፉከራ በለሆሳስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እውነት ነው። ሽለላ ደም የሚያፈላ፣ ፈሪን የሚያስቆም ነገር ነው። የኦርኬስትራው ዘመን ከረባት አሠረለት፤ ባማረ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጠው፤ ውብ አደረገው፤ ግን ትንሽ አለዘበው። ጋሽ ጌታቸው በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የሚያከብሯቸውን ጨዋ አጃቢዎች ከመፈለግ ይልቅ፣ ዕጣ ተጣጥለው ሙዚቃ የጀመሩትን የሆላንድ ረባሾች መረጡ። ወደ ኋላ የተመለሱ መስለው ነው ወደ ፊት የሄዱት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ አገር በታተሙት የ«ኢትዮፒክ» ሲዲዎች አማካይነት ዓለም የድሮ ሥራቸውን አውቆት ነበር፤ የእሳቸው ድርሻ፣ 14ኛው ቅጽ፣ በ2003 ወጥቷል። በዚያ ስም ብቻ የድሮውን እየደገሙ ማርጀት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን በዕድሜያቸው መጨረሻ አዲስ ጩኸት ፈለጉ።

እንግዲህ ከዘ ኤክስ ሳክስፎን የምንጠብቅ ሰዎች የምንጠብቀው ሰውየውን ነው ወይስ ያደረገውን? ሰውየው በ2016 ሄደዋል። በቦታቸው ሌላ ነፊ ቢቆም ኖሮ ወዳጄ ራሱ «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ ቀድሞ የሚቆጣ ነው። ባንዱ ቦታውን ባዶ ተወው። እኔ ይህን ንቀት ብዬ አላነበውም፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟችን ወንበር አለመቀመጥ ነው።

ይህንን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለወዳጄ ነገርኩት። «ጥሩ ተናገርክ» አለኝ፤ «ግን ወንበሩ እስከ መቼ ባዶ ይሁን?» መልስ አልነበረኝም። የለኝምም። ወንበሩን የሚሞላው ሰው ከሆላንድ የሚጋበዝ ሳይሆን ራሱ የሚጠይቅ እንደሆነ ጋሽ ጌታቸው አሳይተዋል፤ ያን ግን ስልሳ ሁለት ዓመት ለሞላውና ሳክስፎኑን ማታ ማታ ጎረቤት እንዳይሰማ በፎጣ ወትፎ ለሚነፋ ሰው መንገር ቀላል አይደለም።

ነገሩን ወደ አገር ቤት ካመጣሁት አይቀር አንድ ልመና አለኝ። ስመ ጥር ድምፃዊዎቻችን፣ በሰባና በሰማንያ ዕድሜ ያሉት፣ መድረክ ሲወጡ ከአዳራሹ ጥግ የሚሰማውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። የሠላሳና የዐርባ ዓመት ዘፈን ስም ነው የሚጠራው። አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ሰው ቢራ ለማዘዝ ይነሣል። ከዚያ ደግሞ «ድሮ ቀረ፣ አዲስ ነገር የሚያወጣ ጠፋ» ብለን እናዝናለን። ዘ ኤክስ እንዲህ ላለው ጩኸት ጆሮ ሳይሰጡ ከዐርባ ዓመት በላይ ቆዩ፤ ራሳቸው አሳታሚ፣ ራሳቸው ጌታ ስለሆኑ ቻሉ። የእኛዎቹ ግን እንጀራቸው በእኛ ጩኸት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የምንጠራውን ዘፈን ስም ከመጥራታችን በፊት እናስብበት።

የአስተማሪውን ወዳጄን ያህል መጥላት መብት ነው። እሱ ቢያንስ ሰምቶ ነው የጠላው። እንደ እህቴ ልጅ ካለ ትዝታ መስማትም ዕድል ነው፤ ሁላችንም አናገኘውም። ልመናዬ አጭር ናት። የቆየ ሰው አዲስ ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ የድሮውን ከመጠየቃችን በፊት ሁለት ጊዜ እንስማለት። ከሦስተኛው ጀምሮ መጣላት ይቻላል።